በእንተ ሽቦ

ማሽን በገዛ እጁ ሊሠራ የተነሣ ሰው ኅሊናው አስቀድሞ የሚከንፈው ወደሚቈርጠው ስለት፣ ከስለቱም ወደሚያሽከረክረው ሞተር፣ ከሞተሩም ወደሚሸከመው ሐዲድ ነው እንጂ፣ ለእነዚህ ሁሉ ኀይልንና ትእዛዝን ተሸክሞ አብሯቸው ከወዲያ ወዲህ ሲመላለስ ወደሚውለው ሽቦ ከቶ አይደለም። ሽቦ የሚታሰበው ገንዘብም ትዕግሥትም ካለቀ በኋላ፣ የመጨረሻዋ ብሎን ከጠበቀች ወዲያ ነው፤ ብዙ ብር የፈሰሰበት ማሽን ጅማቱ በናስትሮ ተጠቅልሎና በሲባጎ ከጣራ ተንጠልጥሎ የምናየውም ስለዚህ ነው። እኔ ግን የአንድን ሠሪ ጠባይ ለማወቅ ብፈልግ ስለቱን አልመለከትም፤ ስለትን ገንዘብ ይገዛዋልና። የምመለከተው የሽቦውን አያያዝ ነው፤ ይህን ማንም አይሸጥለትም፣ ቁጭ ብሎ ከራሱ ልቡና ማውጣት አለበት።

ወደዚህ አስተያየት ያደረሰኝ የእኅቴ ልጅ ነው። ይህ ልጅ ቀን ቀን በባንክ ቤት ሒሳብ ሲያስታርቅ ይውልና፣ ማታ ማታና ቅዳሜን በእናቱ ግቢ ባለው ሰርቪስ ቤት ተዘግቶ፣ ዛሬ በየቤቱ በርና አልጋ ላይ ሐረግና አበባ የሚቀርጸውን፣ ሲኤንሲ የሚሉትን፣ በኮምፒውተር ትእዛዝ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ቀኝና ወደ ግራ፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደውን መሣሪያ በአነስተኛ መጠን ለመሥራት ይደክማል። አሳቡ የላሊበላን መስቀል በዋንዛ ላይ ለመቅረጽ ነው፤ በመጀመሪያ በማሽኑ የተቀረጸው ግን የእናቱ የሽንኩርት መክተፊያ ሲሆን፣ እርሱም የተቀረጸው ከመካከሉ ለሁለት ነው። እኔም ጡረተኛ በመሆኔና መነጽሬን ካጠለቅሁ ደቃቅ ቍጥር ከልጁ ይልቅ አጥርቼ በማንበቤ፣ ያለ አዋጅና ያለ ደመወዝ የውፍረት መለኪያው ጠባቂ፣ ዐቃቤ ካሊፐር ሆኜ ተሾምሁ።

የማሽኑ አቋም እንዲህ ነው። አንድ ድልድይ በርዝመቱ 900 ሚሊሜትር ይመላለሳል፤ በድልድዩ ላይ ደግሞ አንዲት ሰረገላ 600 ሚሊሜትር ወደ ጎን ትሄዳለች፤ በሰረገላይቱ ላይም አናጢዎች ፍሬዛ የሚሉት ባለ 710 ዋት የእጅ መሣሪያ ታስሯል። ልጁ ለእነዚህ ተጓዦች በመጀመሪያ የዘረጋላቸው ቤቱ ሲሠራ የተረፈውን የመብራት ሽቦ ነበር፤ ይኸውም በፕላስቲክ ልብሱ ውስጥ አንድ ጠንካራ መዳብ ብቻ ያለበት፣ በግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ ሊኖር እንጂ መንገደኛ ሊሆን ያልተፈጠረ ሽቦ ነው። «መዳብ አይደለም እንዴ ጋሼ? ኤሌክትሪኩ ምን ለይቶ ያውቀዋል?» አለኝ። በእውነቱ ኤሌክትሪክ አይለየውም፤ የሚለየው መታጠፍ ነው። ፒንሳ ያጣ ሰው ሽቦን የሚበጥሰው ወዲያና ወዲህ ደጋግሞ በማጠፍ አይደለምን? ማሽኑም አንዲቱን አበባ ለመቅረጽ ሲመላለስ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ ማሽኑ የማይሰለች መሆኑ ብቻ ነው። ስለዚህ ለሚንቀሳቀስ ነገር የሚስማማው እጅግ የቀጠኑ ብዙ የመዳብ ክሮች በአንድነት የተገመዱበት ኬብል ነው፤ እያንዳንዱ ክር በመቅጠኑ ሲታጠፍ የሚደርስበት መወጠር ጥቂት ስለ ሆነ ብዙ ዘመን ይኖራል።

የዚህ ስብራት ክፋቱ ስውርነቱ ነው። መዳቡ በልብሱ ውስጥ ይሰበራል፤ ልብሱ ግን ደኅና ነው፤ የተሰበሩት ሁለት ጫፎች ድልድዩ በዚህ ወገን ሲሆን ይሳሳማሉ፣ በዚያ ወገን ሲሆን ይለያያሉ። ሞተሩም እንደ ፈቀደው አንዱን ትእዛዝ ሰምቶ ሌላውን ይዘላል፤ መክተፊያውም ለሁለት የተከፈለው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህም የባሰ አለ፤ ስቴፐር ሞተርን የሚያዝዘው ድራይቨር ኀይል በላዩ እያለ የሞተሩ ሽቦ ድንገት ቢላቀቅ ድራይቨሩ ሊቃጠል ይችላልና፣ የጥቂት ብር ሽቦ ሲሞት ብቻውን አይሞትም፣ ባለ ብዙ ብሩን ጎረቤቱን አስከትሎ ነው።

ለዚህ ሁሉ መድኀኒት ሆኖ የተገኘው የሽቦ ሰንሰለት ነው። ይህ ሰንሰለት ሆዳቸው ባዶ የሆነ ቀለበቶች እርስ በርሳቸው ተያይዘው የሠሩት ሲሆን፣ ወደ አንድ ወገን ብቻ ይታጠፋል፤ በዚያም ወገን ቢሆን ከተወሰነለት ልክ አልፎ እጠፍ ቢሉት እምቢ ይላል። ታቦት በወጣ ጊዜ ጥላ የያዘው ዲያቆን ከካህኑ እንደማይቀድም፣ እንደማይዘገይም፣ መንገዱ በታጠፈበት ሁሉ በልኩ እንደሚታጠፍ፣ ይህም ድልድዩን እንዲሁ ይከተላል። ጥንተ ነገሩን ብንመረምር፣ ጆን ፓርሰንስ የተባለ አሜሪካዊ የሄሊኮፕተር ክንፍ በትክክል ለማበጀት ሲል ባነሣው አሳብ መነሻነት፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ከተበሳሳ ጥብጣብ ትእዛዝ እየተቀበለ የሚቈርጥ ማሽን ለሕዝብ የታየው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1952 ነው፤ በማግሥቱ ዓመት በ1953 ደግሞ ዶክተር ጊልበርት ቫኒንገር በጀርመን አገር የብረቱን የኬብል ሰንሰለት ፈለሰፈ፣ ከአንድ ዓመትም በኋላ ካበልሽሌፕ የተባለው ድርጅት ተመሠረተ። አሜሪካ ራሱን አሰበች፣ ጀርመን ጅራቱን አሰበችለት ማለት ነው። የፕላስቲኩን ሰንሰለት ካስለመዱት አንዱ ኢጉስ የሚባለው ፋብሪካ ሲሆን፣ እርሱም በ1964 በኮሎኝ ከተማ ባልና ሚስት ሆነው በመኪና ማደሪያ ውስጥ የመሠረቱት ነው። ይህን የነገርሁት ዕለት ልጁ ሰርቪስ ቤቱን በታላቅ አክብሮት ዙሪያውን ተመለከተው፤ እናቱ ግን የኮሎኟ ሴትዮ ልብሷን የት ታሰጣ እንደ ነበር ጠየቀችን።

ሰንሰለቱን ገዝቶ የማምጣት ተልእኮ በእኔ ላይ ወደቀ። መርካቶ ገብቶ «ሰንሰለት አለህ ወይ ልጄ?» ብሎ መጠየቅ ምን ያህል ሰፊ ጥያቄ እንደ ሆነ የሚያውቀው የጠየቀ ብቻ ነው። አንዱ «የሞተር ነው የሳይክል፣ ፋዘር?» አለኝ፤ ሁለተኛው ለውሻ ከሆነ ወፍራም እንዳለው በትሕትና ገለጠልኝ፤ ሦስተኛው ነጠላ መልበሴን አይቶ፣ የጽና ሰንሰለት ከሆነ እዚህ እንደማይገኝና ወደ ንዋያተ ቅድሳት መሸጫ እንድሄድ፣ የአንገት ወርቅ ከሆነ ደግሞ ድሮ ፒያሳ እንደ ነበር በሐዘን ነገረኝ። «ሽቦ የሚገባበት ሰንሰለት ነው» ብዬ ባብራራ ፊታቸው የሚሞላው ርኅራኄ ነበር። ወደ ምናለሽ ተራም ዘለቅሁ፤ ምናለሽ ተራ የሌለ ነገር የለም፣ ያለው ነገር ግን የገዛ ስሙን አያውቅምና ገዢው በዐይኑ ለቅሞ ማግኘት አለበት። በዚያም አንድ ጐበዝ የልብስ ማጠቢያ ማሽን የቈሻሻ ውሃ የሚወርድበትን የተሸበሸበ ቱቦ አንሥቶ፣ በፊቴ እያጣጠፈ፣ «ይኸው ይታጠፋል፤ ሽቦም ይገባበታል፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ?» ብሎ ተከራከረኝ። የሚያሳምን ክርክር ነው፤ ዳሩ ግን ያ ቱቦ ወደ ሁሉም ወገን ስለሚታጠፍና የመታጠፊያ ልክም ስለሌለው፣ ድልድዩ ሲመጣበት ተንከባሎ ከመንገዱ ላይ ይተኛል፣ በውስጡ ያለውንም ሽቦ የሽብሽቡ ጠርዝ ቀስ በቀስ ይፍቀዋል።

በመጨረሻ ያገኘሁት የፋብሪካ ዕቃ ከሚሸጥ አንድ ጠባብ ሱቅ ነው፤ ባለ ሱቁ እጄን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሳመላልስ አይቶ፣ «ድራግ ቼን ነዋ! ቀድመው አይሉም እንዴ?» አለኝና ከመደርደሪያው ሥር ልዩ ልዩ መጠን ያላቸውን ጥቍር ሰንሰለቶች ጐትቶ አወጣ።

በሰንሰለቱ ጎን ላይ ቍጥር ተቀርጿል፤ በአንዱ 10 በ20፣ በሌላው 15 በ30፣ በሦስተኛው 18 በ37 ይላል፤ ከዚያም አንዲት የላቲን ፊደል ትከተልና ሌላ ቍጥር ይመጣል። ይህን ለመፍታት በልጅነቴ ከየኔታ የሰማሁት የአንድምታ ሥርዐት ጠቀመኝ። 18 ያለው ምንድር ነው ቢሉ የሆዱ ቁመት ነው፤ 37 ያለው የሆዱ ወርድ ነው። አንድም የውጩ መጠን ነው ይላሉ፤ ይህ ግን አይስማማም፤ ምነው ቢሉ፣ ካሊፐር ሲገባበት የውጩ ከተጻፈው በልጦ ይገኛልና። ከፊደሊቱ ቀጥሎ 48 ማለቱስ ስለ ምን ነው ቢሉ፣ ሰንሰለቱ ሲታጠፍ የሚሠራው ክብ ከመካከሉ እስከ ዳር 48 ሚሊሜትር ነው፣ ከዚያ ወዲያ አልጠብም ሲል ነው። ባለ ሱቁ ይህን ትርጓሜ እስከ ፍጻሜው አዳምጦ፣ የትኛውን እንደምገዛ ጠየቀኝ።

መልሱ የሚገኘው ኬብሎቹን በመለካት ነውና ወደ ልጁ ተመለስሁ። በድልድዩ ላይ የሚጓዙት አምስት ናቸው፤ የፍሬዛው ገመድ 7 ሚሊሜትር ይወፍራል፤ ሁለት ሞተሮች በላዩ ተቀምጠዋል፣ የእያንዳንዳቸው ኬብል 6 ነው፤ ማሽኑ ከዳር ደርሶ እንዳይጋጭ የሚጠብቁት ሁለት ሊሚት ስዊቾች ደግሞ ባለ 4 ባለ 4 ኬብል አላቸው። ጐን ለጐን ቢደረደሩ 27 ይሆናሉ። ነገር ግን ኬብል በሰንሰለት ውስጥ እንደ ልቡ መንቀሳቀስ ስላለበት፣ የዚህ ሥራ ሊቃውንት ለእያንዳንዱ ከውፍረቱ ቢያንስ ዐሥር በመቶ መተንፈሻ ይጨመርለት ይላሉና፣ ይህ ሲታከል 30 ሊሞላ ምንም ያህል አልቀረውም። ልጁ «እንግዲያው 15 በ30 ያለው ልክክ ይላል!» ብሎ ደስ ሊለው ፈለገ፤ እኔ ግን አልፈቀድሁም። ሒሳብ አዋቂ ሆኖ ልክክ በሚል ነገር የሚደሰት ሰው ምን ዓይነት ባንክ እንደሚያስተዳድር አላውቅም። ነገ ሌላ ነገር መጨመሩ አይቀርምና አንድ ባለ 4 ሚሊሜትር ትርፍ ኬብል ከአሁኑ ይግባ ብዬ 34 አደረስሁትና 18 በ37 ተገዛ።

ስለ መታጠፊያው የነበረው ክርክር ከዚህ የረዘመ ነው። ኬብል ሲታጠፍ የውጭ ወገኑ ይወጠራል፣ የውስጥ ወገኑ ይጨመቃል፤ ክቡ በጠበበ መጠን ሥቃዩ ይበዛል፤ ስለዚህ ለሚንቀሳቀስ ኬብል የመታጠፊያው ልክ ከኬብሉ ውፍረት ከሰባት እስከ ዐሥር እጥፍ ቢሆን መልካም ነው ይባላል። ባለ 7 ሚሊሜትሩን የፍሬዛ ገመድ በሰባት ብናበዛው 49 ይመጣል። 10 በ20 ያለው ታናሽ ሰንሰለት ግን መታጠፊያው 28 ብቻ ነበር፤ ይህ የሚበቃው ለሊሚት ስዊቹ ሽቦ ነው። ሰዎች ሁሉ ይህን ታናሽ ሰንሰለት የሚገዙት ርካሽ ስለ ሆነና ሲያዩትም ቀጭንነቱ ደስ ስለሚያሰኝ ነው፤ ቀጭን ነገር ሁሉ ደስ በሚያሰኝበት በዚህ ዘመን ይህን መናገር እንደ ድፍረት ይቈጠርብኝ እንደ ሆነ አላውቅም። ባለ 48ቱ ከ49 በአንድ ሚሊሜትር ያንሳል፤ ይህችን አንዲት ሚሊሜትር በምሕረት አለፍናት።

ርዝመቱን በሚመለከት ልጁ ሰንሰለቱን ከመቈጣጠሪያው ሣጥን አጠገብ፣ ማለትም ከመንገዱ ጫፍ፣ ሊያስረው አስቦ ነበር። እንዲህ ቢሆን የሚያስፈልገው የጕዞው ሙሉ ርዝመት 900 ሲሆን፣ የመታጠፊያው ግማሽ ክብ ደግሞ 48 በ3.14 ተባዝቶ 151 ይሆንና ጠቅላላው 1051 ይመጣል፤ ሰንሰለቱ ግን የሚሸጠው በአንድ ሜትር ነው። የማሰሪያው ቦታ ከመንገዱ መካከል ቢሆን ግን ሰንሰለቱ የሚሸፍነው የጕዞውን እኩሌታ ብቻ ነውና፣ 450ና 151 ሲደመሩ 601 ይሆናል፤ ለማሰሪያ ጥቂት ቀለበት ቢታከልበት በ650 ይጠናቀቃል። አንዲት ብሎን ከጫፍ ወደ መካከል በመዛወሯ ብቻ አርባ አምስት ሴንቲሜትር ሰንሰለት መትረፉን ልጁ ባየ ጊዜ በባንክ ቤት ያላየው ተአምር እንደ ሆነ ተናገረ። የተረፈው 350 ለሰረገላይቱ ቢታሰብ ግን የእርሷ ሒሳብ 300ና 151 ሆኖ 451 ስለሚመጣ በዐሥር ሴንቲሜትር አነሰና፣ ባለ ሱቁ ሁለተኛ ሜትር ሸጠልን። ቍራጭ አይሸጥም። ከዚህም ሌላ የታጠፈው ሰንሰለት ቁመቱ የመታጠፊያው እጥፍና የራሱ ውፍረት ተደምሮ ወደ ዐሥራ ሁለት ሴንቲሜትር ስለሚደርስና ከድልድዩ በታች ያለው ክፍተት ስምንት ብቻ ስለ ሆነ፣ ሰንሰለቱ በማሽኑ ውጭ ጎን በላሜራ መደብ ላይ እንዲተኛ ተፈረደ።

ኬብሉ ከጥቅልሉ ሲወጣ በገዛ ልማዱ ይጠማዘዛል፤ እንደ ተጠማዘዘ ወደ ሰንሰለት ቢገባ በውስጡ እየተሸረበ ሌሎቹን ያንቃል። ሥርዐቱ ጥቅልሉን አንከባሎ መዘርጋት፣ ከዚያም ጠባዩን እስኪረሳ ድረስ ሰቅሎ ማሳደር ነው። በግቢው ውስጥ ለዚህ የሚበቃ ነገር የልብስ ማስጫው ገመድ ብቻ ነበር። እኅቴ በማለዳ ተነሥታ የታጠበ አንሶላ ተሸክማ ስትወጣ፣ ከዳር እስከ ዳር ግራጫ ኬብል ተሰጥቶ ጫፉ በነፋስ ሲወዛወዝ አገኘችው። «ይኸስ መቼ ይደርቃል?» ብላ ጠየቀችን። ልጁ ኬብሉ እየተዝናና መሆኑን ለማስረዳት ሞከረ፤ እርሷም ከመውለዷ ጀምሮ እንዲህ ተዝናንታ እንደማታውቅ መለሰችለት። ጎረቤቷም በአጥር ላይ ብቅ ብላ መብራት ኀይል መጣ ወይ ብላ ጠየቀች።

ስለ ፕላስቲክ ማሰሪያ፣ ስለ ኬብል ታይ፣ አንድ ቃል መናገር ይገባኛል። ሞረስ ሎጋን የተባለ የቶማስ ኤንድ ቤትስ ድርጅት ሰው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1956 የቦይንግን የአውሮፕላን ፋብሪካ በጐበኘ ጊዜ፣ ሠራተኞች የሽቦ ነዶ በሰም በተቀባ ክር እየቋጠሩ እጃቸው ሲቈስል አይቶ፣ በ1958 ይህን ማሰሪያ አወጣ። ከርኅራኄ የተወለደ ነገር ነው። ሆኖም ግን ስለ ቀለለ ሰውን ያባልጋል፤ የእኅቴ ልጅ አንድ ከረጢት ከገዛ ወዲህ በግቢው ውስጥ ያልታሰረ ነገር ጥቂት ነው። በሰንሰለቱም ውስጥ ስድስቱን ኬብሎች በየሥፍራው አስሮ አንድ ነዶ ሊያደርጋቸው ቃጣ፤ ይህ በፍጹም የተከለከለ ነው። ኬብሎቹ ሲታጠፉ የውጩ ረዥም መንገድ፣ የውስጡ አጭር መንገድ ስለሚሄዱ እያንዳንዱ ለብቻው መንሸራተት አለበት፤ የታሰሩ እንደ ሆነ ግን አንዱ ሌላውን ይጐትተዋል። የሚታሰሩት በሰንሰለቱ ሁለት ጫፎች ላይ ብቻ ነው፤ በዚያም አጥብቆ ነው፣ ጕተታው ወደ ሞተሩ መሰኪያ እንዳይደርስ። ደግሞ የማሰሪያውን ትርፍ ጅራት በሰያፍ የሚቈርጥ ሰው ወዳጅም ጠላትም ሳይለይ እጅ ያቈስላልና፣ ከራሱ ጋር እኩል አድርጎ ይቍረጥ።

ፍሬዛው በካርቦን ብሩሽ የሚሠራ ስለ ሆነ በውስጡ ብልጭታ አይጠፋም፤ ብልጭታውም በአጠገቡ በሚያልፍ ሽቦ ላይ የሐሰት ወሬ ይነዛል። የሊሚት ስዊቹ ሽቦ ይህን ወሬ ሰምቶ «ከዳር ደርሰናል!» ብሎ ይጮኻል፤ ማሽኑን የሚያዝዘው፣ ሲመን ስቫሌ ስኮግሴት የተባለ ኖርዌያዊ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2009 የጀመረው ግርብል የሚባለው በነጻ የሚታደል ፕሮግራምም ወሬውን አምኖ ሥራውን ከመካከል ያቆማል። ሁለቱን አራርቆ ማኖር ይበጅ ነበር፤ በአንድ ሰንሰለት ውስጥ ግን ወዴት ይሸሻሉ? ስለዚህ የስዊቾቹ ኬብል በውስጡ የመዳብ መረብ የለበሰ እንዲሆን፣ መረቡም በመቈጣጠሪያው ሣጥን በኩል ብቻ፣ በአንድ ወገን፣ ከመሬት ሽቦ ጋር እንዲገናኝ ተደረገ። ስዊቹም ሲነካ መሥመሩን የሚዘጋ ሳይሆን የሚከፍት ዓይነት ተመረጠ፤ የዚህ ምሥጢሩ፣ ሽቦው በሰንሰለት ውስጥ ቢበጠስ ማሽኑ ዳር እንደ ደረሰ ቈጥሮ ይቆማል እንጂ ጠባቂው መሞቱን ሳያውቅ ሄዶ አይጋጭም። በጠቅላላው ሥራ ውስጥ ከዚህች ዘዴ ይልቅ ደስ ያሰኘኝ የለም።

ኬብሉ ሁሉ ግራጫ ስለ ነበረ በሁለቱም ጫፍ ምልክት አስፈለገ። ልጁ የላቲን ፊደል ይጻፍ አለ፤ እኔ በነጭ ናስትሮ ላይ የግእዝ አኃዝ ይጻፍ አልሁ፤ ጸሓፊው እኔ ስለ ነበርሁ ፩ ብዬ ጀምሬ ፮ ብዬ ጨረስሁ። ፮ ትርፉ ኬብል ነው። የሰንሰለቱ ክዳን ገና ተገጥሞ ሳያልቅ ልጁ ፮ን በስስት እያየ፣ «ጋሼ፣ በዚህ መብራት ብንስብበትስ?» አለኝ፤ ጥቂትም ቆይቶ ስለ ካሜራ አነሣ። ቦታ ያለው ሰንሰለት እንዲህ አሳብ ያበዛል።

የቀረን የእንጨት ዱቄቱን የሚስበው ቱቦ ነው። ማሽኑ መቅረጽ ከጀመረ ወዲህ ዱቄቱ በተሰጣው ልብስ ላይ እያረፈ እኅቴን አስመርሯታል፤ ቱቦው ግን ከአምስት ሴንቲሜትር በላይ ስለሚወፍር በየትኛውም ሰንሰለታችን አይገባም፤ ከጣራ በላስቲክ ተንጠልጥሎ ድልድዩን እንዲከተል መደረግ አለበት። ቱቦውን አግኝተናል፤ ላስቲኩንም አግኝተናል። ዱቄቱን መሳብ የሚችል በግቢው ያለ አንድ ነገር ግን የእኅቴ የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን ብቻ ሲሆን፣ እርሷም መክተፊያዋ ከተከፈለበት ዕለት ጀምሮ ቁም ሣጥን ውስጥ ቈልፋበት ቁልፉን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትዞራለች። ልጁ እኔ እንድለምንለት ይፈልጋል፤ እኔም ሹመቴ በካሊፐር ላይ ብቻ መሆኑን አስታውሼዋለሁ።